ሁለት ብለሽ ጻፊ

«ኖር!» አለ ኦዳ፣ ከአልጋው ላይ በክርኑ ለመነሳት እየታገለ።

«በእግዜር! በእግዜር ልጄ፣ አትነሳ!» አሉ ኦቦ ዲሪርሳ በሩ ላይ ቆመው። የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው። «አትነሳ» ብለው ሳይጨርሱ ግን ኦዳ ተነስቷል። ትልቅ ሰው ሲገባ የማይነሳ ልጅ በዚህ የሱሉልታ ሰፈር ገና አልተወለደም፤ ቢወለድም በቁንጥጫ ነው የሚያድገው።

ከኦቦ ዲሪርሳ ኋላ ሌላ ሽማግሌ ገቡ። «ኖር!» ከሳቸው ኋላ ሦስት ሴቶች። «ኖር! ኖር!» እሑድ ከሰዓት ነው፤ የእድሩ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ነጠላውን እንደገና አጣፍቶ በሽተኛ የሚጠይቅበት ሰዓት። ኦዳ በሰዉ ቁጥር ልክ ብድግ ቁጭ፣ ብድግ ቁጭ አለ። አንድ እግሩ ከብርድ ልብሱ ስር አብጦ እንደ ትራስ ከፍ ብሎ ይታያል።

እህቱ ኤቢሴ ከአልጋው ግርጌ ቆማ ፊቱን ታያለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ በሁለት ዓመት ትበልጠዋለች። ከላይኛው ከንፈሩ በላይ ላብ ችፍ አለ። ያ ላብ ምን ማለት እንደሆነ በዚህ ቤት የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። እንግዶቹ ወደ ፊቱ ዞር ከማለታቸው በፊት ከሁሉ አብልጣ የምትችለውን ነገር አደረገች። መቅደድ ጀመረች።

«ኦቦ ዲሪርሳ፣ የጫንጮውን በሬ ሰሙ?»

«የቱን በሬ?»

«ስልክ የዋጠውን ነዋ! ባለቤቱ ሣር ሊያበላው ጎንበስ ሲል ስልኩ ከደረት ኪሱ ሾልኮ ወደቀ፣ በሬው ከሣሩ ጋር ላፍ! ከዚያ ገበያው መሀል ስልኩ ሲደወል ሆዱ ውስጥ ዘፈን። ሰዉ ሁሉ ከበበው። አንድ ሽማግሌ ጆሯቸውን ሆዱ ላይ ለጥፈው ‹ሄሎ፣ ማን ልበል?› አሉ።»

«እና ማን ሆኖ ተገኘ?» አለች አንዷ ሴት፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ።

«እናቱ ናታ! ‹እንዳታመሽ› ልትለው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኦቦ ዲሪርሳ ዓይናቸውን እየጠረጉ «የዚች ልጅ ቀደዳ ተሰብስቦ ቢሰፋ ለእድሩ አንድ ድንኳን ይወጣው ነበር» አሉ። ኦዳም ሳቀ። ሳቁ ግን መንገድ ላይ ተሰበረ። እሷ ብቻ አየችው።

እንግዶቹ «ዋቅኒ ሲ ሃ ፈይሱ፤ እግዜር ይማርህ» እያሉ ሲወጡ ለእያንዳንዳቸው እንደገና ተነሳ። እናታቸው ወይዘሮ ገለቴ ልትሸኛቸው እስከ ግቢው በር ወጣች። ያኔ ኦዳ የብርድ ልብሱን ጫፍ ነክሶ ወደ ግድግዳው ዞረ። ትንፋሹ በአፍንጫው ብቻ፣ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ይወጣል።

ኤቢሴ ከመስኮቱ ላይ ደብተሯን አነሳች። «ስንት ልጻፍ?»

ጥርሱን ሳያላቅቅ፣ «ሁለት» አለ።

«ኦዳ!»

«ሁለት ብለሽ ጻፊ አልኩሽ። ምለሻል።»

ጻፈች።

*

የኦዳ ሕመም የቀኝ እግሩ አጥንት ውስጥ ነው። ስሙ እዚህ ቤት አይጠራም፤ «ያ ነገር» ነው የሚባለው። አዲስ አበባ ሆስፒታል ስምንት ወር ከተመላለሱ በኋላ ሐኪሞቹ እናቱን ለብቻዋ ጠርተው «በሽታውን የምናክምበት መድኃኒት አልቆብናል። ከእንግዲህ ሥራችን እንዳያመው ማድረግ ነው። ለሱ ደግሞ ቤቱ ይሻለዋል» አሏት። ኤቢሴ በር ላይ ቆማ ሰምታለች። ወይዘሮ ገለቴ ግን ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወደ ኦዳ ተመለሰችና «ቤትህ ሆነህ ታገግማለህ፤ መስቀል ላይ ከጓደኞችህ ጋር ትሮጣለህ» አለችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ መስቀል ላይ ስለሚሮጠው ሩጫ ነው የሚያወራው። ክፉ ወሬ ለበሽተኛ አይነገርም፤ ወጉ እንዲህ ነው።

ሐኪሞቹ ያስረከቧቸው ለሲስተር ረምዚያ ነው። ሲስተር ረምዚያ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በየቤታቸው የተኙ ሃያ ሦስት ልጆች አሏት። ስልኳ ከጆሮዋ ጋር አብሮ የተወለደ ይመስላል። ለዶክተሩ ትደውላለች፣ ለመድኃኒት ቤቱ ትደውላለች፣ አንዷ እናት እንቅልፍ ካጣች ለጎረቤቷ ደውላ «ዛሬ አንቺ ጠብቂላት» ትላለች። «አንቱ ካላችሁኝ አልመጣም» ስላለች ልጆቹ ሁሉ አንቺ ይሏታል። ሱሉልታ የምትመጣው ሐሙስ ሐሙስ ነው። በሌላው ቀን የምታየው በደብተር ነው።

በየቤቱ አንድ ጸሐፊ አለ። ወይዘሮ ገለቴ ፊደል ስላልቆጠረች በዚህ ቤት ጸሐፊዋ ኤቢሴ ናት። ደብተሩ ላይ ስድስት ፊቶች ተስለዋል። የመጀመሪያው ይስቃል፣ ዜሮ ነው። የመጨረሻው ያለቅሳል፣ አስር ነው። በየቀኑ የኦዳን ሕመም በቁጥር ትጽፋለች፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲስተር ስትደውል ታነብላታለች። ከዚያ ቁጥር ተነስተው ነው ሲስተርና ዶክተሩ ከቡናማው ጠርሙስ ስንት ሚሊ የማስታገሻ ሽሮፕ እንደሚሰጠው የሚወስኑት።

«እኔ ሰበታ ቁጭ ብዬ የወንድምሽን ሕመም የማየው ባንቺ እስክርቢቶ ነው» ብላታለች ደብተሩን የሰጠቻት ቀን። «ዓይኔ አንቺ ነሽ።»

ኤቢሴ ዓይን መሆን አልለመደችም። ስምንተኛ ክፍል ውስጥ ዝነኛ የሆነችው በሌላ ነው። የባዮሎጂ የቤት ሥራዋን ሳትሠራ ቀርታ «ውሻችን መልሱን በልቶት ጎበዝ ሆነ» ብላ አስተማሪውን ያሳቀች፣ ለሒሳብ መምህሩ የሱሉልታ ጭቃ አንድ ባጃጅ ከነሾፌሩ ውጦ ክረምቱ ሲያልፍ ሾፌሩ ፂም አብቅሎ እንደወጣ የማለች ልጅ ናት። ማለች ስንል «እውነቴን ነው» አለች ማለት ነው። በሰው ሞት ምላ አታውቅም። ቀዳጅም ድንበር አለው።

ያንን ድንበር ያሻገራት ኦዳ ነው። የዛሬ ዘጠኝ ቀን፣ ሕመሙ ድንገት የከበደ ዕለት፣ እስክርቢቶዋን በእጁ ያዘና «ሁለት በይ። ለሲስተር፣ ለእማ፣ ለማንም አትናገሪ» አላት። እሺ ስትለው አልበቃውም። «ኦዳ ይሙት በይ።»

«አላበዛኸውም እንዴ?»

«በይ!»

ዓይኑ ውስጥ ያየችው ፍርሃት አፏን ከፈተው። «ኦዳ ይሙት፣ አልናገርም።» ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ቤቱ የቀዘቀዘ መሰላት።

ሐሙስ ሲስተር ስትመጣም ኦዳ «ኖር» ብሎ ተነስቶ፣ ቀልዶ፣ ሻይ አብሯት ጠጥቶ ሸኛት። ሲስተር ፊቱን ረዘም ላለ ጊዜ አየችው፣ ከዚያ ደብተሩን አየች። ደብተሩ ሁለት ይላል።

የዛሬም እሑድ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነና ኤቢሴ የእናቷን ስልክ ይዛ ጓሮ ያለው የጭድ ክምር ላይ ወጣች። ቤት ውስጥ የስልክ ድምፅ እየተቆራረጠ ያስቸግራል፤ ጭዱ አናት ላይ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል።

«ዛሬስ ስንት አለን?» አለች ሲስተር።

«ሁለት።»

«ማሻ አላህ! እንግዲያው ሽሮፑን ባለበት እናቆየዋለን።»

ኤቢሴ ስልኩን ዘግታ ጭዱ ላይ ቁጭ አለች። ከታች፣ ከመስኮቱ በኩል፣ ሰው ብርድ ልብስ ነክሶ የሚያሰማው ድምፅ ይመጣል። «ባለበት» ነበር ያለችው ሲስተር።

*

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ ወተት ልታደርስ ወጥታለች። ኦዳ ብቻውን ነው። ከንፈሩን ነክሶ አድምቶታል።

ቦርሳዋን ሳታወርድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ለምንድን ነው ሁለት የምታስብለኝ?»

«አቦ አትነጅሺኝ። ዝም ብለሽ ጻፊ።»

«ዝም ብዬማ አልጽፍም። ዛሬ ካልነገርከኝ ደብተሩን ምድጃ ውስጥ ነው የምጨምረው።»

«አስር የገባ ልጅ ይወሰዳል» አለ ኦዳ ጣሪያውን እያየ። «ራስሽ አይደለሽ እንዴ የነገርሽኝ? የቡራዩው ሙአዊያ።»

«የቱ ሙአዊያ?»

«ሽሮፑን እምቢ ያለው ነዋ! ቁጥሩ ስድስት ገባ፣ ስምንት ገባ፣ አስር ሲገባ ነጭ መኪና ድምፅ ሳታሰማ መጥታ ወሰደችው። እናቱ አዲስ አበባ ያለውን ሆስፒታል ሁሉ ብትዞር አላገኘችውም። ሰማያዊ ጫማው አንድ እግሩ በር ላይ ቀረ።»

ኤቢሴ መጀመሪያ ላይ ምንም ትዝ አላላትም። ብዙ የሚቀድ ሰው የቀደደውን ሁሉ አያስታውስም። ጫማው ነው ያስታወሳት። የዛሬ ሁለት ወር ኦዳ «ይመራል፣ አልጠጣም» ብሎ እናታቸውን ሲያስለቅሳት፣ ኤቢሴ እዚችው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን እያወዛወዘች ፈጠረችው። ልጁን፣ መኪናዋን፣ እናቱን። ሰማያዊውን ጫማ የጨመረችው ነገሩ እንዲጥም ብላ ነው። ኦዳ ያን ቀን ሽሮፑን ጭልጥ አድርጎ ሲጠጣ ኮርታ ነበር።

እሷ በጨመረችው ጫማ ምክንያት ዘጠኝ ቀን ሙሉ ብርድ ልብስ ሲነክስ ከረመ።

«ኦዳ» አለች። «ሙአዊያ የሚባል ልጅ የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

ኦዳ ዞር ብሎ አያትና ፈገግ አለ። ቢጮህባት ይሻላት ነበር። «አሁን ደግሞ ምን ልታስደርጊኝ ነው የምትቀድጂው?»

«እውነቴን ነው!»

«የበሬውም እውነትሽን ነበር።»

«በሬው ቀልድ ነው! ይሄ ግን…»

«እንግዲያው ማይልኝ። ኦዳ ይሙት፣ ሙአዊያ የለም በይ።»

አፏን ከፈተች። እውነት ነው፤ በሕይወቷ እንደዚህ እውነት የሆነ ነገር ተናግራ አታውቅም። ግን «ኦዳ» ከሚለው አልፋ «ይሙት» የሚለውን ማውጣት አቃታት። ከፊቷ የተኛውን እያየች፣ ያንን ከንፈር እያየች፣ እንዴት ብላ? አፏን መልሳ ገጠመችው።

«አየሽ?» አለ ኦዳ፣ ወደ ግድግዳው እየዞረ። «አትሸውጂኝ። ሁለት ብለሽ ጻፊ።»

*

ጭዱ ላይ ስትወጣ ገና አስር ሰዓት ነበር። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚህ በፊት የፈራችው ነገር ሁሉ፣ የጅቡ፣ የጨለማው፣ የክልል ፈተናው፣ ተደምሮ ይህን አያክልም። ከተናገረች መሐላውን ሰበረች። መሐላው ደግሞ በኦዳ ነው። ነገ አንድ ነገር ቢሆንስ? «አፌ ነው የገደለው» እያለች ልትኖር ነው። ካልተናገረች ደግሞ…

ከመስኮቱ ያ ድምፅ መጣ።

ደወለች።

«ኤቢሴ? ሰዓቱ ገና ነው እኮ» አለች ሲስተር ረምዚያ። «ምነው? ደህና ነው?»

«ሁለት አይደለም።»

«ምኑ?»

«ቁጥሩ። ሁለት ሆኖ አያውቅም፤ እየዋሸሁሽ ነው። ትናንት ስምንት ነበር። እንግዶቹ ሲወጡ ዘጠኝ።»

በስልኩ ውስጥ ከሲስተር ኋላ አንድ ሕፃን ሲስል፣ አንዲት ሴት «ውሃ ልስጠው?» ስትል ተሰማ። ሰበታ፣ የሌላ ልጅ ቤት ውስጥ ናት። ኤቢሴ ቁጣውን ጠበቀች። የመጣው ግን የወረቀት ድምፅ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዘጠኝ ቀን። ኦዳ ነው እንዲህ በይ ያለኝ፤ ግን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«እውነተኛውን ታስታውሻለሽ?»

ታስታውሳለች። በየቀኑ ፊቱን ከደብተሩ ፊቶች ጋር አስተያይታ በልቧ ይዛዋለች፤ አንድም አልጠፋባትም። ዓይኗን ጨፍና ቅዳሜ ስድስት፣ እሑድ ስምንት እያለች እስከ ዛሬ ቆጠረችላት። ሲስተር እየጻፈች «እም… እም…» ትላለች።

«ሁለቱም እሑድ ከፍ ያለ ነው፤ ሐሙስም እንደዚሁ። እሑድ ምን አለ?»

«እሑድ እንግዳ አለ። ለሁሉም ኖር እያለ ይነሳል። ሲገቡም ሲወጡም።»

«ሐሙስስ?»

ኤቢሴ ከጭዱ አንድ ሰበዝ መዘዘች።

«ሐሙስ እኔ አለሁ» አለች ሲስተር ቀስ ብላ። «ለኔ ነው የተነሳው። ያ ረቢ! ቆሜ እያየሁት!»

«ሲስተር» አለች ኤቢሴ። ለቅሶዋ መጥቶ ነበርና ቃላቱ ተደራረቡባት። «በሱ ምያለሁ። ኦዳ ይሙት ብዬ። አሁን ነገርኩሽ። ቢሞት እኔ ነኝ አይደል የገደልኩት?»

«ስሚኝ የኔ እናት። አሥራ አንድ ዓመት ይሄን ሥራ ሠርቻለሁ። በእህቱ መሐላ የሞተ ልጅ አንድም ቀን አላየሁም። ሰምተሻል? አንድም ቀን። አሁን የነገርሽኝን ባትነግሪኝ ኖሮ እስከ ሐሙስ እንዲሁ ያመው ነበር። እኔ የማውቀው ይሄን ነው።»

ኤቢሴ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። የሙአዊያን ነገርም ነገረቻት፤ አንድም ነገር ሳታስቀር።

«ጫማው ሳይቀር?» አለች ሲስተር።

«ሰማያዊ ነበር።»

መሳቅ ያልፈለገ ሰው ሲስቅ የሚሰማው ድምፅ ከሲስተር በኩል ተሰማ። ከዚያ ድምፅዋ ወደ ሥራ ተመለሰ። «ለዶክተሩ አሁኑኑ ደውዬ መጠኑን እጠይቃለሁ። መልሼ ስደውል ስልኩ እናትሽ እጅ ላይ ይሁን፤ ሁሉንም አንቺ ነግረሽ ጠብቂኝ። የኦቦ ዲሪርሳን ስልክ ስጪኝ። ነገ ጠዋት እመጣለሁ። ደግሞ ስለ ሙአዊያ እኔ ለኦዳ እነግረዋለሁ። መሐላውን እንደሰበርሽ ግን ከኔ አፍ እንዳይሰማ። እሱን ዛሬ አንቺ ትነግሪዋለሽ።»

«እሺ።»

«በርቺ። ጭዱ ላይ ነሽ? ስትወርጂ እንዳትወድቂ፤ አንቺን የማክምበት ቀን የለኝም።»

ወይዘሮ ገለቴ የወተት ጀሪካኗን ይዛ ስትገባ ኤቢሴ በር ላይ ጠበቀቻት። ስትጨርስ እናትየዋ ባዶውን ጀሪካን አስቀምጣ ላዩ ላይ ተቀመጠች። «ዘጠኝ?» አለች። «እኔ እዚህ ቤት ውስጥ እያለሁ ዘጠኝ?» ስልኩ ሲጮህ ነው የተነሳችው።

ኦዳ አዲሱን መጠን ከጠጣ በኋላ ኤቢሴ አልጋው አጠገብ ቆመች፤ ለመቀመጥ አልደፈረችም። «ለሲስተር ነገርኳት።»

«ምኑን?»

«እውነተኛውን ቁጥር።»

«በኔ ነው የማልሽው» አለ።

«አዎ።»

«ይሙት ብለሽ።»

«አዎ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። በማግስቱ ጠዋት ኤቢሴ ከመኝታዋ ስትነሳ መጀመሪያ ያየችው ደረቱን ነው። ከፍ ዝቅ ይላል። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩን ዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ እያንኮራፋ ተኝቷል።

*

ሲስተር ረምዚያ ማክሰኞ ጠዋት በባጃጅ መጣች፤ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርሷል። ኦዳ ገና ክርኑን ሲያነሳ በሁለት እጇ ትከሻውን ይዛ መለሰችው። «ለኔ ከተነሳህ ተጣልተናል።» እግሩን አየች፣ ትራሱን አስተካከለች፣ ከዚያ ሳይጠይቃት ጀመረች። ቡራዩ ያሏት ልጆች ሰባት ናቸው፤ ሙአዊያ የሚባል የለም። ነጭ መኪና የለም። «ሆስፒታል የሚያስኬድ ነገር ቢመጣ መጀመሪያ አንተንና እናትህን እጠይቃለሁ። እምቢ ካላችሁ እዚሁ የምንችለውን እናደርጋለን። ከዚህ አልጋ ማንም ተሸክሞ አይወስድህም።»

የኦዳ ትከሻ ወረደ።

ያኔ ከውጭ፣ ከመስኮቱ በኩል፣ የሚያስገመግም ድምፅ መጣ። «ኦዳ! እንዳትነሳ! ዲሪርሳ ነኝ! መስኮት ላይ ለመጣ ሰው ኖር አይባልም፤ ሕግ ነው!»

«የማን ሕግ ነው ኦቦ?» አለ ኦዳ ሳያስበው።

«የእድሩ! ትናንት አመሻሽ ላይ አወጣሁት። የተቃወመ አልነበረም፤ ብቻዬን ነበርኩ!»

ሕጉ ቀልድ አልነበረም። ሲስተር በአንድ ምሽት አምስት ስልክ ደውላ ነገሩን ሁሉ አደራጅታው ኖሯል። ጠያቂ ሁለት ሁለት ሆኖ በመስኮት፣ ለአሥር ደቂቃ ብቻ። መግባት የፈለገ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ ኦዳ እንደተኛ። ከዚያ በላይ መርዳት የሚፈልግ ደግሞ የወይዘሮ ገለቴን ወተት ያደርስላታል፤ እሷ ቀን ቀን ሁለት ሰዓት ትተኛለች። ኦቦ ዲሪርሳ የዕለቱን ጀሪካን ራሳቸው ተሸክመው ሄዱ፤ ሽማግሌ ወተት ሲያዞር አይቶ የማያውቅ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተከተላቸው።

ኦዳ ለሁሉም ያወራል። ለኤቢሴ አያወራም። ማክሰኞ እንዲሁ ዋለ። እሷም አልቀደደችም፤ ቁጥር ስትጠይቀው በጣቱ ያሳያታል፣ ትጽፋለች፣ ትወጣለች።

ረቡዕ ከሰዓት ደብተሩን ይዛ ገባች። አራት ጣት አሳያት። ልትጽፍ ጎንበስ ስትል «አራት ነው» አለ። «የምር አራት።»

«እሺ።»

«የሆነ ቀን ትከፍይኛለሽ።»

«እሺ አልኩህ።»

ከውጭ የእናታቸው ድምፅ ይሰማል፤ ጓሮ ላይ ጀሪካን እያጠበች ነው። ኦዳ ጆሮውን ወደዚያ አዘነበለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ኤቢሴ።»

«ወይ።»

«መስቀል ላይ ትሮጣለህ ትለኛለች እማ። ሁሉም እንደዛ ነው የሚሉት። ኦቦ ዲሪርሳም፣ ሁሉም።» ብርድ ልብሱ ላይ ያለውን ክር ጎተተ። «እድናለሁ?»

አፏ ላይ ወዲያው አንድ ታሪክ መጣላት። ሳትጠራው መጣ። ፍቼ ውስጥ አንድ ሰውዬ ነበር፣ እግሩ እንዲህ አብጦ፣ ሐኪም ሁሉ ተስፋ ቆርጦ፣ አንድ ቀን ጠዋት ሲነሳ… የሰውዬውን ባርኔጣ ቀለም ሳይቀር አየችው። ጥሩ ታሪክ ነበር፤ ኦዳም ደስ ይለው ነበር፤ እናቷም ደስ ይላት ነበር።

በር ላይ ቆማ ከሐኪሞቹ የሰማችውን ደግሞ ታውቃለች።

«ይሄን እኔ ልነግርህ አልችልም» አለች። «ግን አልዋሽህም። የምታውቀው ሲስተር ናት። ከፈለግክ ነገ ስትመጣ ትጠይቃታለህ።»

ኦዳ ክሩን መጎተት አቆመ። ፊቷን ነበር የሚያየው፣ ስትቀድ ከየት በኩል እንደሚያስታውቅባት እንደሚፈልግ ሰው። ሳያገኝ ቀረ።

«ስጠይቃት አንቺም ትኖሪያለሽ?»

«እኖራለሁ።»

«እማስ?»

«እነግራታለሁ።»

«እሺ» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ኤቢሴ ወደ ጓሮ ወጣች። እናቷ በየሐሙሱ ሲስተርን ግቢው በር ላይ ጠብቃ፣ እጇን ይዛ «እሱ ፊት ምንም እንዳትይ፣ አደራ» ነው የምትላት። ያችን አደራ ሰፈሩ ሁሉ ያከብራታል። ወይዘሮ ገለቴ ቀና ብላ አየቻት፤ እጆቿ እስከ ክርን አረፋ ናቸው።

«እማ፣ ነገ ሲስተርን በር ላይ እንዳትይዣት።»

«ምነው?»

«ኦዳ የሚጠይቃት ነገር አለ። እኔን ጠይቆኛል።»

የእናቷ እጅ ጀሪካኑ ላይ ቆመ። «ምን ብሎ ጠየቀሽ?» አላለችም። «ምን አልሽው?» አለች፣ ድምፅዋ ለመሰማት እስኪያስቸግር ዝቅ ብሎ።

«አልቀደድኩለትም።»

ወይዘሮ ገለቴ ውሃውን እያየች ቆየች፤ አረፋው እጇ ላይ እስኪሟሽሽ ድረስ። ኤቢሴ አልሄደችም። በመጨረሻ እናቷ ጀሪካኑን ደፍታ፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«አልጋው አጠገብ መቀመጫ የለም እኮ» አለች። «በርጩማዎቹን አስገቢ። የሲስተርንም፣ የኔንም፣ ያንቺንም።»

ኤቢሴ ከአጥሩ ስር አንዱን በርጩማ አንስታ ጭቃውን በእጇ እየጠረገች ወደ ቤት ይዛ ገባች። ከዚያ ሁለተኛውን ልታመጣ ተመለሰች።